በእጄ ያልነገርኩህ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ በልተናል። ጉልበትህ ደረጃው ላይ እንዳስቸገረህ፣ ሳሉም ከትናንት እንደተሻለህ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም ደብዳቤ ነውና ወጉ ይድረሰው፦ እንደምን ዋልክ አባዬ? የእንጨቱ ብናኝ ዛሬም ዓይንህን አቃጠለህ? መነጽርህን ኮትህ ኪስ ውስጥ ትተኸው ቤቱን ሁሉ ስትፈልግ እንዳትውል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በሌላው ግን ደህና አይደለሁም፤ የምጽፍልህም ስለዚያ ነው።

ከአንድ ግድግዳ ማዶ ለሚተኛ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ምን የሚሉት ነገር ነው ትላለህ። ቅንድብህን ሰቅለህ ወረቀቱን ስታገላብጠው ይታየኛል። እንደ ወትሯችን በእጄ ምልክት ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ ልብስ ስናጣጥፍ፣ አንዴ ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ፣ አንዴም ባለፈው ማክሰኞ። ሦስቱንም ጊዜ እጄ ሌላ ነገር ተናገረ። አንተ ፊት ማለዘብ ለምዷል፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም። ወረቀት ላይ ግን ፊትህን አላየውም፤ ፊትህን ካላየሁ ምናልባት እስከ መጨረሻው እጨርሰው ይሆናል።

ረጅም ዓረፍተ ነገር እንደምትጠላ አውቃለሁ። ጣትህን ከመስመሩ ሥር እያስኬድክ ስለምታነብ አሰፋፍቼ እጽፍልሃለሁ። የምታውቀውንም ነገር ከመጀመሪያው ነው የምነግርህ፤ ምክንያቱም የምታውቀው ሁሉ በእኔ እጅ አልፎ የደረሰህ ነው።

ትናንት ከሥራ ስትገባ ኮትህን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገርከኝ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምእመናኑን ሰብስበው የእንጨት ሥራ ቤታችንን ፎርማን ጉዳይ ሊጨርሱ ነው። ሰውየው ልጁ ወዳለችበት ከተማ ሊሄድ ነውና ለዚያኛው ቤተ ክርስቲያን መሸኛ ደብዳቤ ጠይቋል፤ እነሱ ደግሞ ወይ በጉባኤው ፊት ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ወይ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዝ ብለዋል። አንተ ፊትህ በርበሬ መስሎ፣ የምን ይቅርታ ነው ደግሞ፣ የዛሬ አራት ዓመት ፊቴ ቆሞ ጠይቆኝ የለም ወይ፣ ሁሉም አልነበሩም ወይ አልከኝ። እሑድ ተነሥቼ እመሰክርለታለሁ፣ አንቺ ድምፅ ትሆኚኛለሽ፣ አንዲት ቃል እንዳታስቀሪ አልክ። እኔም እሺ አልኩህ። ከዚያ ሻይ ልጣድ ብዬ ወጣሁ፤ ውኃው ፈልቶ ፈልቶ እስኪያልቅ ምድጃው ፊት ቆሜ ቀረሁ።

አባዬ፣ እሑድ ተነሥተህ ያንን ብትል አዳራሹ ውስጥ የሚያምንህ ሰው የለም። አዎ፣ ሁሉም ነበሩ። ሁሉም በጆሯቸው ሰምተዋል። ፎርማኑ ይቅርታ አልጠየቀህም።

እባክህ እዚህ ላይ ወረቀቱን እንዳታስቀምጠው።

እናታችን ካረፈች በኋላ አፍህም ጆሮህም እኔ ሆንኩ። ወንድሜ ገና ትንሽ ነበር፤ በእጁ ውኃና ዳቦ ከማለት በቀር አያውቅም። አንድ ቀን ባለሱቁ ስኳር አጉድሎ ሰጠን። አንተ፣ ይሄን ሌባ ሚዛኑን አናቱ ላይ ሳልሰብርለት እንደገና ይመዝን በይው አልከኝ። ባለሱቁን ቀና ብዬ አየሁት፤ ቁመቱ ያስፈራል። አባቴ ይቅርታ ያድርጉልንና አንዴ ይመዝኑልን ይላል አልኩት። ሰውየው ፈገግ ብሎ መዘነ፤ ጭማሪም ጣል አደረገበት። አንተም፣ አየሽ፣ ሰው እንዲህ ካልተቆጡት አይገባውም አልከኝና ደረትህን ነፍተህ ቤት ገባህ። እኔም በልቤ ጮቤ ረገጥኩ። በአንድ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስደሰትኩ፤ ከዚህ የሚበልጥ ብልሃት ያለ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ያላለዘብኩት ነገር የለም። ለአከራያችን፣ ለአስተማሪዬ፣ ለሐኪሙ፣ ለሁሉም። በዚያኛውም በኩል እንዲሁ። ዱዳው ምን ይላል ብለው ሲጠይቁኝ፣ አባትሽ ምን ይላሉ አሉኝ ብዬ ነግሬሃለሁ። በጽሑፍህ ሲሳሳቁ አይቼ ከእንግዲህ ለሰው አትጻፍ፣ እኔ እነግርልሃለሁ ያልኩህም እኔው ነኝ። ስለዚህ ከእኔ በቀር ወደ ሰው የሚወስድህ በር አጣህ። ሰፈሩም ቤተ ክርስቲያኑም፣ አባትሽ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም ይሉኛል። አባዬ፣ እንተዋወቃለን፤ ስትናደድ እጆችህ የሚሉትን ሌላ ሰው ቢያነበው ኖሮ ከግማሹ ምእመን ጋር ተኳርፈህ ነበር። እነሱ የሚያከብሩት ለስላሳ ሰው እኔ ቆርጬ የሰፋሁት ነው። አንተን፣ ራስህን፣ ማንም አላወቀህም። ያኔ ይህ ሁሉ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ፍቅርም ነበረበት። እፍረትም ነበረበት፤ እሷን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ልምጣ።

ሰኞ ጠዋት ነበር። ክቡ መጋዝ ጠረጴዛ ላይ መዳፍህን አሳርፈህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ቆመህ ነበር። ሌሎቹ ማሽንን በጆሯቸው ነው የሚያውቁት፣ አንተ በመዳፍህ ነው፤ ፎርማኑ ራሱ ማሽን ሲታመምበት አንተን ነበር የሚያስጠራው። ሰው ልከህ ከስፌት ክፍል አስጠራኸኝ። የወንበር ልብስ እየሰፋሁ ስለነበር መርፌዬን ደረቴ ላይ እንደሰካሁ መጣሁ። እንዲህ አልከኝ። ዘንጉ ላልቷል። አሁኑኑ ይዝጋው። አንድ ጣውላ እንኳ እንዳይገባበት፤ ሰው ይቆርጣል። ይሄ ደንቆሮ ፎርማን ካልሰማኝ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ገመድ ራሴ እበጥሰዋለሁ በይው። ደንቆሮ ስትለው ሁለታችንም ሳቅን።

ፎርማኑ በዚያ ሰዓት ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት መቶ ዴስክ የሚያስረክብበት ቀን ደርሶበት ሰው አያናግርም። እኔ ደግሞ ያንኑ ጠዋት ለጓደኛዬ ሠርግ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄው፣ እያጉረመረመ ፈቅዶልኝ ነበር። አራት ዓመት የደበቅሁት ይህን ነው አባዬ። ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ተናዶ ፈቃዴን እንዳይከለክለኝ ብዬ ነው። ጎንበስ ብዬ፣ አባቴ ጊዜ ሲያገኙ መጋዙን አየት ቢያደርጉት ይላል አልኩት። እሱም አንተን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ቅዳሜ ማሽኖቹን ስናጸዳ አየዋለሁ በይው አለኝ። ወደ አንተ ዞሬ፣ ዛሬውኑ አየዋለሁ ብሏል አልኩህ።

ማክሰኞና ረቡዕ ሰው ቤት ቁም ሣጥን ልትገጥም ሄድክ። ከመሄድህ በፊት እዚያው አብሮን የሚሠራውን ወንድሜን፣ መጋዙ ካልተሠራ እንዳትጠጋው ብለኸው ነበር። ረቡዕ ራት ላይ፣ ፎርማኑ መጋዙን አይቶታል ወይ፣ ብለህ ጠየቅኸኝ። አዎ አልኩህ። አንተም ወደ እሱ ዞረህ፣ በል እንግዲህ ሥራበት አልከው። ማንኪያውን አስቀምጦ እሺ ሲልህ አየሁት። ቀኝ እጁን አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎ ነው እሺ ያለህ።

ሐሙስ ጩኸቱን ከስፌት ክፍል ሰማሁት። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሮጬ ስገባ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ የበር ጠርዝ ታለሰልስ ነበር፤ ከእሱ ያለህ ርቀት አሥር እርምጃ አይሞላም። ሰው ሁሉ እየተራወጠ አንተ ጎንበስ ብለህ እንጨቱን በአውራ ጣትህ ትዳስሳለህ። ትከሻህን የነካሁህ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለታችንም ስለምናውቀው አልጽፈውም።

ሰባት ሳምንት ከጌታ እራት ቀረህ። ነግሬው ልጄን አስቆረጠው፣ ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም አልክ። ሽማግሌዎቹ ሊያስታርቁ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለታችሁን ጠሩ፤ ምእመናኑም ግማሹ አዳራሹ ውስጥ ነበር። እኔ መሀል ቆምኩ። ወንድሜ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን አቅፎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ፎርማኑ ተነሣ። ያን ቀን ያለውን አሁን ሳላጎድል እጽፍልሃለሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ልርሳው ብልም አልችልም። እንዲህ አለ። ስለዚህ ልጅ እጅ ቤቴን ዘግቼ አልቅሻለሁ። መመለስ ቢቻል የራሴን ቆርጬ እሰጠው ነበር። ነገር ግን እግዚአብሔር ፊት ነው የቆምኩት፤ ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ አልዋሽም። ዝጋው አልተባልኩም። ጊዜ ስታገኝ እየው ነው የተባልኩት። የዚህን ሰው መዳፍ ከራሴ ጆሮ አብልጬ አምናለሁ፤ ዝጋው ቢለኝ ኖሮ ባለቤቱ ከሥራ ቢያባርረኝም እዘጋው ነበር። ልጅቷ ይችውና፣ ጠይቋት።

አዳራሹ ተንጫጫ። አንተ እኔን ታየኛለህ፤ ምን አለ፣ ምን አለ ትለኛለህ። እጄ ተነሣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ነግረኸኝ አልሰማሁህም፤ ስለ ጌታ ብለህ ይቅር በለኝ ብሏል አልኩህ።

ለሰላም ብዬ አይደለም። ብዙ ጊዜ ነፍሴን ለሰላም ነው እያልኩ አታልያታለሁ። እሱ ያለው ቃል አንተ ጋ ቢደርስ ተመልሶ ወደ እኔ ስለሚዞር ነው።

አንተም ተነሥተህ ሄድክና አቀፍከው። አልቅሰህ አቀፍከው። እሱ ክንዶቹ ተንጠልጥለው እንደ ግንድ ቆመ። ሰው ሁሉ አነባ። እነሱ ያዩት ልጁን ያስቆረጠበትና ጥፋቱንም የካደ ሰው አንገት ላይ ተጠምጥሞ ይቅር የሚል አባት ነው። አንተ ያቀፍከው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ያን ሰው የሠራሁት እኔ ነኝ። ዕልልታው ሲበርድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞረው፣ ለመሆኑ አባትሽ ያን ቀን ምን ነበር ያሉት አሉኝ። ዝጋው ነው ያለው አልኩ። እውነት ነው፤ አንተ ዝጋው ነው ያልከው። እኔ ምን ብዬ እንዳደረስኩት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። መሐላ ቢያስገቡኝ እንኳ እምል ነበር። ፎርማኑ ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ በጉባኤ ፊት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰዉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቡ ውሸታም ብሎ ጽፎታል።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ አፍ የሚለውንም እጅ የሚለውንም የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጸሎቱ ሳይዘጋ ተነሥቶ ወጣ። አንተ ቁስሉ ጠዝጥዞት ነው አልክ። ከስምንት ወር በኋላ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ከተማውን ሲለቅ ደግሞ፣ እጁ ስለተቆረጠ ሰው እንዳያየው አፍሮ ነው አልክ። ለአንተ በየሳምንቱ በስልክ መልእክት ይጽፍልሃል። ለእኔ አንድ ቀን ጽፎልኝ አያውቅም። በእጁ ያፈረ አይመስለኝም አባዬ።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖርን ታውቃለህ፤ ማለቴ፣ ያሳወቅሁህን ያህል ታውቃለህ። መጋቢው በአንተ ታሪክ ሦስት ጊዜ ሰብከዋል። ያልጠየቀውን ይቅር ያለ ሰው እያሉ ነው የሚሰብኩት። እኔ ከፊት ቆሜ ስተረጉምልህ ያልጠየቀውን የምትለዋን ሦስቱንም ጊዜ ዋጥኳት። አንተ አንገትህን ሰበር አድርገህ ታፍራለህ፤ ሰዉ ደግሞ ትሕትናውን አያችሁ ይላል። የተጣሉ ባልና ሚስት አንተን አይተው ታርቀዋል። ለእኔም የተረፈኝ ክብር አለ፤ ልጆችን እንዳስተምር ሰጥተውኛል። ባለፈው ወር አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ውሸት ተናግሬ ሰው ደስ ቢለውስ ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ሽንት ቤት ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

ፎርማኑ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ሰላምታ የሚሰጡት በአገጫቸው ነው። አንተ ብቻ ነህ ሰው እየገፋህ ሄደህ እጁን የምትጨብጠው። ለምን ይሸሹታል ስትለኝ ብቸኝነት ይወዳል አልኩህ። አንድ እሑድ በር ላይ ጠብቆህ በእነዚያ ወፋፍራም ጣቶቹ የሆነ ነገር ሲሞካክር ትዝ ይልሃል? ከየት እንደተማረው አላውቅም። እኔን፣ አልነገሩኝም፣ ነበር የሚልህ። ደጋግሞ ነው ያለው። ተሳስቶም ቢሆን ለእኔ ይነበባል። አንተ እየሳቅህ፣ ምን እያለ ነው የሚንተባተበው አልከኝ። እግዚአብሔር ይባርክህ እያለ ነው አልኩህ። ትከሻውን መታ መታ አደረግኸው። እሱ እኔን አየኝ፤ እጆቹን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ንስሐ አልገባሁም አትበለኝ፤ ገብቻለሁ። ተንበርክኬ ስንት ጊዜ ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ። ሁልጊዜ ቀለል ይለኝና እሑድ አንተን ሳይ ተመልሶ ይጫነኛል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ትናንት ምድጃው ፊት ቆሜ ነው። እግዚአብሔርማ የእኔን እጅ ሳይጠብቅ ያኔውኑ ሁሉንም ሰምቶ ነበር። ያልሰማኸው አንተ ነህ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሥራ አስፈቅጄ መጋቢው ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወረቀቶቻቸውን ሲያስተካክሉ፣ መልሰው ሲያስተካክሉ ቆዩ። ከዚያ በዚያ ረጋ ባለ ድምፃቸው፣ ልጄ፣ የአባትሽ ይቅርታ ለስንት ቤት መድኃኒት ሆኗል፣ አሁን ብናፈርሰው ማንን እናንጻለን አሉኝ። ለፎርማኑ መሸኛውን ሳናካብድ እንስጠው፣ በሰላም ይሂድ፤ አባትሽም እሑድ መናገር አያስፈልጋቸውም፤ የሽማግሌ ሰው ልብ መስበር ምን ይጠቅማል አሉ። ምንም ክፋት አልነበራቸውም። አንዱንም ሌላውንም ላለማስቀየም ቃል ሲመርጡ ሳይ፣ ይቺ እኔ ነኝ አልኩ በልቤ። እሺ ብያቸው ተነሥቼ ነበር። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬ ወጥቷል። ተመልሼ፣ አይሆንም፣ እሑድ ራሴ ተነሥቼ እናገራለሁ አልኳቸው። ከዚያ፣ አንቺ ስትናገሪ ለአባትሽ ማን ይተረጉምላቸዋል አሉኝ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ፎርማኑ ቤት ሄድኩ። ዕቃውን በካርቶን እያሰረ ነበር። ልናገር እንደሆነ ስነግረው ገመዱን መቋጠር አላቆመም። ለምን ለአባቴ ጽፈህ አልነገርከውም አልኩት። ጽፌ ነበር፣ ቀደድኩት አለኝ። የልጁ እጅ ሄደ፣ ልጁም ሄደ፣ የቀረሽለት አንቺ ነሽ፤ አንቺንም ልንጠቅበት አለ። ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን ይቅርታ ብለህ አትገላገልም ብዬ ደግሞ ጠየቅሁት። እሱማ መዋሸት ነው አለኝ፣ በጣም እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ አባትሽ ያውቃል ወይ አለ። ገና ነው አልኩት። ተቆጣኝ፤ ቁጣውን ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ በሰማበት መሀል ከሁሉ በኋላ ሊሰማ ነው ወይ፣ መጀመሪያ ለእሱ ንገሪ፣ ዛሬውኑ አለኝ። ስለዚህ ነው ይህን ዛሬ የምጽፍልህ።

እኔ እስከ እሑድ አክስቴ ጋ ነኝ። ራትህ ድስቱ ውስጥ ነው፣ ማሞቅ ብቻ ነው። የሳሉ መድኃኒት መስኮቱ ላይ አለ፤ ሁለት ማንኪያ ነው፣ እንደለመድከው በጠርሙሱ እንዳትጎነጨው። እንድመጣ ከፈለግህ በአክስቴ ስልክ ላክብኝ፤ ሮጬ እመጣለሁ። ካልፈለግህም ይገባኛል። እንደ ልብህ ተሳደብ፤ ቤቱ ውስጥ የሚያለዝብብህ የለም።

እሑድ አብረን አንቀመጥም። እኔ ከሰዉ ፊት ቆሜ በአፌ ብቻ እናገራለሁ። እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ነው የምይዛቸው፤ እነሱን አትይ። ከመጋቢው ቤት ከመውጣቴ ለወንድሜ መልእክት ጽፌለት ነበር፤ ሁሉንም ልናገር ነው፣ ለአባዬ ትተረጉምለታለህ ወይ ብዬ። በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፍኩለት የመጀመሪያው ነው። ሰዓት ሳይሞላ እመጣለሁ አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ይህን ደብዳቤ መሀል ላይ ሳደርስ ደግሞ ስልኩ ጮኸ። ሁለት እጅ የሚፈልጉትን ቃላት እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ ይላል።

ፊት ለፊትህ ይቀመጣል። ቀስ ይላል፣ ይደክመዋልም፤ ታገሠው። እኔ ያልኩትን ሳይቀንስ ይነግርሃል። ሁለት እጅ የሚፈልግ ቃል ላይ ሲደርስ፣ አንዱን እጅህን ስጠው።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ዓይንህን ይጠብቅልህ፤ የምትመጣዋን እሑድ የምትሸከምበት ልብ ይስጥህ። ምርቃትህን አሁን አልለምንህም። መጀመሪያ እወቀኝ።

ሴት ልጅህ